ለጣልቃ ገብነት ሽማግሌ የሄዱት ተማሪዬ

አርባ ምንጭ ለማስተማር ስመደብ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ ገና ወራት ስለነበር በዓለም ላይ ያለ ጠብ ሁሉ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ ሰሌዳ ላይ ሊሰፍር እንደሚችል አንዳች ጥርጣሬ አልነበረኝም። በክረምቱ መርሐ ግብር የደረሰኝ ኮርስም ለዚሁ ዓመሌ በልክ የተሰፋ ነበር፤ በዓለም አቀፍ ፖለቲካ አወዛጋቢ ጉዳዮች ይባላል። ማዕቀብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የኑክሌር መሣሪያ ሰላም ይጠብቃል ወይስ ያጠፋል? እርዳታ ድሃ አገርን ያቆማል ወይስ ያሰንፋል? ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ «አዎ» የሚል፣ አንድ ደግሞ «አይደለም» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሲቀላ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር ወስጄ ፎቶ ኮፒ አስነሳሁትና ለተማሪዎቼ አከፋፈልኩ።

የክረምት ተማሪ ማለት ዓመቱን ሙሉ በየገጠሩ ሲያስተምር የከረመ፣ ሐምሌ ሲገባ ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ሊያሳድግ ሻንጣውን ሸክፎ የሚመጣ መምህር ማለት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ አብዛኞቹ የአጎቶቼና የአክስቶቼ እኩዮች ሆነው አገኘኋቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ኪሳቸው የገብስ ቆሎ የማያጣ ሰዎች ነበሩ። የተማሪን ተንኮል ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳድዱት የኖሩት ነገር ነዋ። የማስተማር ስልቴንም ከማረም አይመለሱም። አንዷ እናት፣ «መምህርት፣ ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት፤ ጠመኔው ፊት ለፊት የተቀመጥነውን አነጣን» ብላኛለች። ተናደድኩ፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ሰሌዳ የምጠርገው ከላይ ወደ ታች ነው።

ከመካከላቸው አንዱን ሁሉም «ጋሼ» ነበር የሚላቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል፤ ከከተማው በላይ ካለው የጋሞ ደጋ የመጡ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። በዚያ ሙቀት፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እንኳ ሰልችቶት ቀስ እያለ በሚዞርበት ክፍል ውስጥ፣ የሱፍ ሹራባቸውን አያወልቁም። «ሙቀቱ ይሄዳል፣ ሹራቡ ከወለቀ ግን ይጠፋል» ይላሉ። እኔን የሚጠሩኝ በ«እርስዎ» ነው። አክብሮት ብቻ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ኋላ ስንቀራረብ ግን «እርስዎ» ከ«አንተ» እና ከ«አንቺ» ጣጣ እንደሚያድናቸው፣ በጋሞኛ አፋቸውን ፈትተው ለአማርኛ ፆታ መጨነቅ እንደሰለቻቸው ሳቅ እያሉ ነግረውኛል።

ያ ክረምት ለጋሼ የመጨረሻው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ዘጠነኛ ክፍል አስተምረዋል። አሁን ግን ዲግሪ የሌለው ዘጠነኛ ክፍል አያስተምርም የሚል ደንብ ወጥቶ፣ መስከረም ላይ ዲግሪውን ይዘው ካልቀረቡ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ግምጃ ቤት እንደሚዛወሩ ተነግሯቸዋል። መጽሐፍ እየቆጠሩ ማስረከብና መረከብ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት ከእሳቸው አይደለም፤ የክፍሉ ተጠሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ «አደራ ጋሼን» ብሎኝ ነበር። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ ለማለት፣ «በእኔ ኮርስ ሁሉም የሚያገኘው የሠራውን ነው» ብዬ ሸኘሁት። ሲወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከውጤቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው ክርክር ነበር። ጥያቄዎቹንና ወገኖቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ በኮፍያ ውስጥ አስቀምጬ ዕጣ አስወጣኋቸው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ክርክሩ በአማርኛ እንዲሆን ፈቀድኩ፤ ካልሆነ ግማሹ ክፍል ሊናገር አይችልም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ በዓል ነበሩ። ጊዜው የአባይ ግድብ በተጀመረ ሰሞን ስለነበር፣ በወንዙ ጉዳይ የታችኛውን ተፋሰስ አገር ወክሎ መናገር የደረሰው ወጣት መምህር ላብ በላብ ሆኖ ተከራከረና ሲጨርስ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዕጣ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለጋሼ የደረሳቸው የሰብዓዊ ጣልቃ ገብነት ጥያቄ ነበር፤ አንድ መንግሥት የገዛ ሕዝቡን ሲፈጅ ሌላ አገር ድንበር ጥሶ ሊገባ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የእሳቸው ወገን «ይገባዋል» ባዩ ነው። ተራቸው ደርሶ ተነሡ። ሹራባቸውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረጉ። እንደገና ሳብ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አልኳቸው።

«መምህርት፣ ይህን መናገር አልችልም።»

«አልተዘጋጁም?»

«ተዘጋጅቻለሁ። ግን ከልቤ አይደለም።»

እንደ ሌሎቹ ቀልድ የያዙ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። «ማመን አልጠየቅኩዎትም እኮ፤ መከራከር ብቻ ነው። ልምምድ ነው» አልኩ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ አገር ሰው ተሰብስቦ በተቀመጠበት ከልብ ያልሆነ ነገር መናገር ጎሜ ነው። ነውር እንዳልል ከነውር ይብሳል።»

እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ የመጣው። ሦስት ቀን ያላስተኛኝ ወባ ገና አልለቀቀኝም፤ ከመስኮቱ ውጭ ጦጣዎች ሲጯጯሁ ጆሮዬ ሊበጠስ ደርሷል። ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። እውነቱ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬ በጎሜ የተረታ መስሎ ተሰማኝ። «እንግዲያው ውጤቱንም ጎሜዎ ይስጥዎት» አልኳቸውና ሁሉም እያየኝ በእስክሪብቶ ዜሮ ጻፍኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ያን ቀን ግን ሲያመልጠኝ ታውቆኛል፤ ልመልሰው ወኔ አጣሁ እንጂ። ጋሼ፣ «ይሁን» ብለው ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሳምንት ሰላም አላገኘሁም። ቅዳሜ ዕለት ሲቀላ ገበያ ማንጎ ስገዛ፣ በዚያው በፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ጋሼን አገኘኋቸው። ለሌሎች ተማሪዎች ሃንዳውት እያስገለበጡ ነበር። ሸሽቼ በባጃጅ ላመልጥ ስል ቀድመው፣ «መምህርት! ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል?» አሉኝ። ከዚህ በኋላ መሸሽ አይቻልም። ጭማቂ ቤት ገባንና አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት እስፕሪስ አዘዝን፤ በማንኪያ የሚበላ ዓይነት ወፍራም ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ የገባሁት ሴትዮ ተመልሼ ክርክር ጀመርኩ። ዓመሌ ነው። «እስቲ ጎሜውን ያስረዱኝ» አልኳቸው። ጋሼ ሳይቸኩሉ ነገሩኝ። በአገራቸው ዱቡሻ የሚባል ለምለም ሜዳ አለ፤ የአገር ነገር የሚታየው እዚያ ሣር ላይ ተቀምጦ ነው። እዚያ የተነሣ ሰው ልቡ የማያውቀውን ቃል ካወጣ ጥፋቱ በእሱ ላይ ብቻ አያበቃም፤ በዝናቡም፣ በከብቱም፣ በልጆቹም ይደርሳል። «እርስዎ ላያምኑበት ይችላሉ» አሉኝ። «እኔም እንደ ሥነ ዜጋ መምህርነቴ ከጠየቁኝ አላምንበትም እላለሁ። አፌ ግን እምቢ ይላል።»

«ጠበቃስ? ጠበቃ ሁሉ በጎሜ ሊያልቅ ነው?»

«ስለ ጠበቃ አላውቅም። ልጄን ግን ለጠበቃ አልድርም» አሉና በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ያኔ ነው የታላቅ እህቴ ሠርግ ትዝ ያለኝ። ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት። እህቴን የጠየቀው ልጅ ከላካቸው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋብቻውን ከልባቸው የማይወዱ ሰው ነበሩ። «አይሆንህም» ብለው ልጁን መክረውት ነበር አሉ። እምቢ ሲል ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው እኛ ቤት መጡ፤ ከሦስቱም አሳምረው የተናገሩት እሳቸው ሆኑ። ይህን ለጋሼ ነገርኳቸውና፣ «እኚህ ሽማግሌ ዋሹ?» አልኩ።

ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ብዙ አሰቡ። «አልዋሹም» አሉ። «የእገሌ ልጅ ልኮኝ ነው ብለዋል። የተላከ ሰው ቃሉ የራሱ አይደለም። ሳያጎድል፣ ሳይጨምር ማድረስ ነው ሥራው።»

«በቃ! እኔ እልክዎታለሁ! ይሂዱና ለጣልቃ ገብነት ሽማግሌ ይሁኑ።»

«እርስዎ ዳኛ ነዎት፤ ዳኛ አይልክም» አሉኝ ቆጣ ብለው። የመምህርነት ቁጣ ነበረች፤ ወደድኳት። «የሚልከኝ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። አማኝ ካላገኘሁ ዜሮዬን ይዤ እሄዳለሁ።» ሰኞ መልሱን ሊነግሩኝ ተስማምተን ተለያየን። የእስፕሪሱን ሒሳብ ልከፍል ስል አስተናጋጁ ሳቀብኝ፤ ጋሼ ሲገቡ ከፍለዋል።

እሑድን ሙሉ ጋሼ በተማሪዎች ማደሪያ እየዞሩ፣ «አንተ ከልብህ ታምናለህ? አንቺስ?» እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ አሉ። ብዙው፣ «በጽሑፉ ላይ እንዲህ ይላል» ብሎ ይጀምራል፤ ጋሼም፣ «ጽሑፉን አልጠየቅኩህም» ብለው ያልፉታል። በመጨረሻ ያገኙት ያችን ሰሌዳ እንዴት እንደሚጠረግ ያስተማረችኝን እናት ነው። ከደቡብ ጠረፍ የመጣች መምህርት ነበረች። ልጅ ሳለች ከድንበሩ ማዶ የሸሹ ሰዎች ወንዝ አቋርጠው ሲመጡ በዓይኗ አይታለች። «እኔ አምናለሁ» አለቻቸው። «እኔ ልላክዎት።» ጋሼ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ከእሷ ጋር ከዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ቃሏን በደብተር እየጻፉ፣ እያነበቡላት፣ «እንዲህ ነው ያልሽው?» እያሉ አረጋገጡ።

ሰኞ ላኪ ማግኘታቸውን ሲነግሩኝ የድጋሚውን ክርክር ለዓርብ ቀጠርኩ። ዓርብ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ በሹራባቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ተውሰው፣ ሁለት ባልደረቦቻቸውን ግራና ቀኝ አስከትለው በሩ ላይ ቆሙ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። የተቃዋሚው ወገን ተናጋሪ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው ጫኖ የሙዝ እርሻ ያለው ወሬኛ መምህር ነው፤ እሱ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ብድግ ብሎ፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ ኑ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ።

«ማን ላካችሁ?»

«ከልቧ የምታምን ሰው ልካናለች።»

ከዚያም ተናገሩ። ያን ያህል የሚናገሩ ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር። በወንዙ ማዶ ሌሊት ጩኸት ይሰማ እንደነበር፣ ጠዋት ጠዋት ሰዎች ልጅ ትከሻቸው ላይ አድርገው ውሃውን ሲሻገሩ፣ የላኪያቸው ወላጅ እናት ያላትን ሁሉ ቀቅላ ስታበላ፣ ትልልቅ ሰዎች ዳር ቆመው «ማን ነው መሻገር ያለበት?» እያሉ ሲጠያየቁ፣ በመጨረሻም ማንም ሳይሻገር እንደቀረ አንድ በአንድ አደረሱ። «የላከችን እንዲህ ትላለች፤» አሉ፣ «የቤቱ ባለቤት ልጆቹን ሲገድል አጥሩን እያከበሩ መቆም ምን የሚሉት ጉርብትና ነው? አጥር የተሠራው ለሌባ ነው፤ ጩኸት አጥር የለውም።» አንድ ጊዜ እንኳ «እኔ» አላሉም። ላኪዋ ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

የጫኖው መምህር ከጓደኞቹ ጋር ተንሾካሾከ። አሁን «ሉዓላዊነት» ብሎ ይጀምራል ብዬ እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ነገራችሁን ሰምተናል፤ የከበደ ነገር ነው። ቤተሰብ ይምከርበት። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አላቸው።

«ምን?» አልኩ። «የምን ሳምንት? ይህ ክርክር ነው፤ የተሰጣችሁ አንድ ሰዓት ነው! መልስ ስጡ!»

«መምህርት፣» አለኝ በትዕግሥት፣ «በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ የሚሰጥ ቤተሰብ የት አለ? በአንድ ሰዓት የተሰጠች ልጅ በአንድ ሰዓት ትመለሳለች።» ክፍሉ በሙሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አባቶችና እናቶች የሞሉበት ክፍል ነው፤ ልምምድ መሆኑን ከእኔ በቀር ሁሉም ረስቶታል። ሽማግሌዎቹም ቀጠሮ ተቀብለው እጅ ነሥተው ወጡ። ብቻዬን ዳኛ ሆኜ ቀረሁ። ግሬድ የሚገባው ደግሞ በዚያው በቀጠሮው ዓርብ ነው። ከብዙ ልመና በኋላ ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ ጠዋት አሳጠሩልኝ፤ እሱንም ቅር እያላቸው ነው።

በእነዚያ ቀናት ያየሁትን በሕይወቴ በሌላ ክፍል አይቼ አላውቅም። ተቃዋሚዎቹ እውነት ሊመክሩ ተቀመጡ። ፎቶ ኮፒውን ለፈተና ብቻ ያነብቡ የነበሩ ሰዎች ቢሮዬ እየመጡ፣ ገብተው የተሳካላቸው እነማን ናቸው፣ ገብተው ያጠፉት እነማን ናቸው እያሉ ይጠይቁኛል። በካፌው በር ሳልፍ «የፀጥታው ምክር ቤት» የሚል ድምፅ ከሻይ ብርጭቆ መካከል እሰማለሁ። የጫኖው መምህር የሙዝ ገበያውን ትቶ ይመላለሳል። ወደድኳቸው፤ ሁሉንም። ለብቻዬ ስሆን ደግሞ እንደዚያ ከባድ የሆነውን ጉዳይ በዕጣ ያደልኩት እኔ መሆኔ ይቆረቁረኝ ጀመር።

ሐሙስ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው በዚያው በር ላይ ቆሙ። የጫኖው መምህር ተነሣ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። «መክረናል» አለ። «መጽሐፋችን አትግባ ይላል፤ ብዙ ምክንያትም አለው። ነገር ግን ወንዝ ዳር ቆመው ከነበሩት ሰዎች አንዱ ብሆን ኖሮ ብለን እያንዳንዳችን ራሳችንን ጠየቅን። ጥያቄያችሁን ተቀብለናል። ከልባችን ነው።» ከኋላ እልልታ ቀለጠ። ላኪዋ እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ «ጋሼ፣ አሸነፉ! አሁንማ ይቀመጡ» አልኳቸው።

አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ለጓደኛቸው ሰጡ፤ ጋቢያቸውንም አውልቀው አጣጠፉት። «የተላክሁበት አልቋል» አሉ። «አሁን የራሴን ልናገር?»

ፈቀድኩ።

«እኔ ገብቼ አውቃለሁ» አሉ። «ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ ጎረቤቴ ሚስቱን ይደበድብ ነበር። አንድ ቀን ጩኸቷ ሌላ ሆነብኝ። በሩን ሰብሬ ገባሁና ሴትየዋን ከነልጇ አወጣሁ። ባልገባ ትሞት ነበር፤ ስለዚህ የላከችን እህቴ ያለችው እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ተመልሳ መግቢያ አጣች፤ ወገኖቿም አልተቀበሏት፤ ራቅ ወዳለ አገር ሄደች። ልጁን ይዛ መሄድ አልቻለችም። ባሏ እስኪሞት ድረስ ሰላም አላለኝም። አባትየውም ስላልተቀበለው ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናቱን በፈለገ ቁጥር እኔን፣ ‹በሩን ለምን ሰበርከው?› ይለኝ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ዛሬም ይለኛል።» ፎቶ ኮፒውን ከኪሳቸው አወጡ። «አንዱ ጽሑፍ ግባ ይላል፤ አንዱ አትግባ ይላል። ሁለቱንም ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ከገባህ በኋላ ልጁን ማን እንደሚያሳድግ ግን አንዳቸውም አልጻፉም። መምህርት፣ ያን ቀን ‹አይገባውም› የሚለው ቢደርሰኝም አፌ እምቢ ይል ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ደግነቱ ቃል ሳልመርጥ ወጣልኝ፤ «ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይማሩኝ» አልኳቸው፣ ያው ዜሮውን በጻፍኩበት ክፍል ፊት። በውጤት መዝገቡ ላይ ዜሮውን ሰርዤ ሙሉውን ጻፍኩና አጠገቡ ፈረምኩ። «ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ» የሚለውን ሳጥን ግን ምን እንደምሞላው አጣሁና ባዶውን ተውኩት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም ነገሩን ከመጀመሪያው ስጀምርለት፣ «ተይው፣ ተይው» ብሎ ተቀበለኝ።

ጋሼ ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ፤ የእሳቸው መንደር ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ነፋሱ ከድምፃቸው በላይ ይሰማል።

«መምህርት፣ ዘጠነኛ ክፍልን ሰጡኝ» አሉ።

እልል ልል ስል አስቆሙኝ። «ይስሙኝማ። የጣልቃ ገብነቱን ነገር ለልጆቹ አስተማርኳቸው። የራሴንም ነገርኳቸው፤ በሩን፣ ልጁን፣ ሁሉንም። ክፍሉ ሲወጣ አንዲት ተማሪ ቀረች። ‹ጋሼ፣ ዛሬ ቢሆንስ ይገቡ ነበር?› አለችኝ። ዓይኗን አየሁት። ለምን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ።»

ምን አሏት ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።

«እገባለሁ አልኳት» አሉ። «ወዲያው ነው ያልኩት፤ አላሰብኩም። ትናንት ከሁለት ጎረቤት ጋር ሆነን ወደ ልጅቷ ቤት ሄድን። እናትየዋ ደህና ናት፤ ከእህቷ ዘንድ ናት። ልጅቷ እኛ ቤት ናት። ባለቤቴ አልጋ አነጠፈችላት።» ነፋሱ ድምፃቸውን ወሰደው፤ ኮረብታው ላይ ቦታ ሲቀይሩ ይመስለኛል። «ይኸውልዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ልጅ ላሳድግ ነው።»

የግምጃ ቤቱ ጸጥታ ታየኝ። በተደረደሩ መጻሕፍት መካከል ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ ያን ጥያቄ ለማን ትጠይቀው ነበር? «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ምን ልላክ?» አልኳቸው።

«ደብተሮቿ እዚያ ቤት ቀርተዋል» አሉ። «ደብተር ይላኩላት።»

በዚያው ቀን አንድ ደርዘን ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቼ በላስቲክ ጠቀለልኩና ወደ ደጋ የሚወጣውን አውቶቡስ ፍለጋ መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ ለማን እንደሆነ ላዩ ላይ እንድጽፍ ጠየቀኝ። የልጅቷን ስም መጠየቅ ረስቼ ነበር፤ ስለዚህ «ለዘጠነኛ ክፍሉ መምህር» ብዬ ጻፍኩበትና ሰጠሁት።